ላማርከስ ቶምሰን፤ የሽቅብ ቁልቁል ባቡር አባት

በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ነገሥታት፤ የጦር አዛዦች፤ ሐኪሞችና የመኪና ፈልሳፊዎች ናቸው። ጨዋታን የፈለሰፈ ሰው ግን ስሙን የሚያነሣለት ጥቂት ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት ጨዋታ የሕፃናት ጉዳይ ብቻ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ይመስለኛል። ነገር ግን የሰው ልጅ እንጀራውን ካገኘ በኋላ ቀጥሎ የሚሻው ደስታን ነው፤ ደስታውንም ከመልካም ቦታ ያላገኘው እንደ ሆነ ከመጥፎ ቦታ ይፈልገዋል። ይህን ተረድቶ የዕድሜውን ግማሽ ያህል ለሕዝብ መዝናኛ በማዘጋጀት ያሳለፈ አንድ ሰው ነበረ፤ እርሱም አሜሪካዊው ላማርከስ አድና ቶምሰን ነው። እኔም በዚህ ዓመት መጽሔታችን የዚህን ሰው ሕይወት ለጓደኞቼ፤ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን በአጭሩ ላቀርብ ወደድሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ቃል

ሮለር ኮስተር የሚባለውን መሣሪያ በአካል ያየ ተማሪ በመካከላችን ባይገኝም፤ በሲኒማና በቴሌቪዥን ያላየው ግን የለም ለማለት ይቻላል። ከፍ ባለ የእንጨት ወይም የብረት ርብራብ ላይ ሐዲድ ይዘረጋል፤ ሐዲዱም እንደ ኮረብታና እንደ ሸለቆ ሽቅብ ቁልቁል እያለ ይሄዳል። ሰዎች የተሳፈሩበት ጋሪ ወደ ከፍተኛው ሥፍራ ከወጣ በኋላ ያለ ሞተር ይለቀቃል። ከዚያ ወዲያ የሚነዳው የመሬት ስበት ብቻ ነው። በፊዚክስ ትምህርታችን እንደ ተማርነው ጋሪው በከፍታው ላይ ሳለ እምቅ ጉልበት አለው፤ ቁልቁል ሲወርድ እምቅ ጉልበቱ ወደ እንቅስቃሴ ጉልበት ይለወጣል፤ በዚያም ጉልበት የሚቀጥለውን ኮረብታ ይወጣል። ይሁን እንጂ ሰበቃና የአየር ግፊት ከጉልበቱ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ስለሚቀንሱበት የሚከተለው ኮረብታ ሁሉ ከመጀመሪያው ዝቅ ያለ መሆን አለበት።

ይህ ሕግ ለእኛ ለአሶሳ ልጆች እንግዳ አይደለም። ልጆች ከጣውላ ቁራጭና ከአሮጌ ኩሽኔታ ጋሪ ሠርተው ከዳገቱ አናት ላይ ሲለቁት የሚሆነው ይኸው ነው። ልዩነቱ የእኛ ጋሪ ሐዲድ የሌለው መሆኑና ማቆሚያውም የልጁ ተረከዝ መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ የምተርክለት ሰው ያደረገው ነገር ከእኛ የልጅነት ሐሳብ የራቀ አይደለም፤ ሐሳቡን እስከ መጨረሻው መከተሉ ግን ከብዙዎች ይለየዋል።

የጨዋታው ጥንተ መሠረት በሩሲያ አገር ነው። ሩሲያውያን ከጥንት ጀምሮ በብርዱ ወራት ከእንጨት ከፍ ያለ ተዳፋት እየሠሩ ውሃ ያፈስሱበት ነበር። ውሃው ወደ በረዶ ሲለወጥ ሕዝቡ በሸርተቴ መልክ ቁልቁል ይወርድበታል። ይህ ጨዋታ ከሩሲያ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ፤ በ1817 በፓሪስ ከተማ በጎማ የሚሄዱ ጋሪዎች ያሉበት የመንሸራተቻ ሥፍራ ተከፈተ። የሚያስገርመው ነገር ፈረንሳዮች ይህን ጨዋታ እስከ ዛሬ ድረስ የሩሲያ ተራሮች ብለው ሲጠሩት ሩሲያውያን ደግሞ የአሜሪካ ኮረብቶች ብለው ይጠሩታል። ይህ ስም እንዴት ወደ አሜሪካ ሊዞር እንደ ቻለ ከቶምሰን ታሪክ እንረዳለን።

ልደቱና ልጅነቱ

ላማርከስ ቶምሰን በማርች 8 ቀን 1848 በአሜሪካ ኦሃዮ በሚባለው ክፍለ ግዛት ጀርሲ በተባለች አነስተኛ መንደር ተወለደ። በዚያን ጊዜ በእኛ አገር ዘመነ መሳፍንት ገና አላለቀም ነበረ፤ የቋራው ካሣም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት ቶምሰን የ7 ዓመት ልጅ በሆነ ጊዜ በ1855 ነው። ወላጆቹ ኋላ ወደ ሚሺጋን ክፍለ ግዛት ተሻግረው ሂልስዴል በተባለ ሥፍራ ስለ ተቀመጡ ልጁም ያደገው በዚያ ነው።

ከልጅነቱ ጀምሮ እጁ ከመዶሻና ከመጋዝ አይለይም ነበረ። ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ለእናቱ የቅቤ መናጫ፤ ለአባቱም በበሬ የሚጎተት ጋሪ እንደ ሠራላቸው ይነገራል። ቅቤ ለመናጥ ቅል ሲወዘውዙ ለሚውሉ እናቶች ልጆች የሆንን እኛ፤ የዚህን ስጦታ ዋጋ ለመረዳት አያዳግተንም። ከዚህም ላይ አንድ ቁም ነገር እናገኛለን፤ ልጁ መጀመሪያ የተመለከተው የራሱን ጨዋታ ሳይሆን የእናቱን ክንድ ድካም ነበረ። በ17 ዓመቱ የተዋጣለት አናጢ ሆኖ ነበረ። በሂልስዴል ኮሌጅም ገብቶ ጥቂት ጊዜ ተምሯል። ወጣትነቱ የአሜሪካ ሕዝብ ሰሜንና ደቡብ ተከፍሎ ከ1861 እስከ 1865 ድረስ እርስ በርሱ በተዋጋበት ዘመን መሆኑን ስናስብ፤ ይህ ትውልድ ስለ ሰላማዊ ደስታ አብዝቶ ማሰቡ አያስደንቅም።

ሀብትና ሕመም

ቶምሰን ካደገ በኋላ ኤልክሃርት ወደ ተባለችው የኢንዲያና ከተማ ሄዶ በንግድ ሥራ ተሰማራ። በዚያም ስፌት የሌለው የእግር ሹራብ የሚሠራ መሣሪያ ካዘጋጀ በኋላ ከሸሪኮቹ ጋር ፋብሪካ አቋቁሞ ብዙ ገንዘብ አገኘ። በዚህ ጊዜ ዕድሜው ገና 30 ዓመት ገደማ ነበረ። ሌላ ሰው ቢሆን ታሪኩ በዚህ ይፈጸም ነበረ፤ ድኃ አናጢ ሠርቶ በለጸገ ተብሎ ይበቃው ነበረና።

ነገር ግን ሰውነቱ እንደ ሀብቱ አልጸናለትም። ሌትና ቀን ያለ ዕረፍት በመሥራቱ ጤናው ተቃወሰ፤ ንግዱን ለሌሎች ትቶ ማረፍ ግድ ሆነበት። እንግዲህ ዕድሜውን ሁሉ በሥራ የቆጠረ ሰው ዕረፍት ምን እንደ ሆነ ያወቀው በሕመም ምክንያት ነው። የሚሠራ ሕዝብ የሚያርፍበት ሥፍራ ያስፈልገዋል የሚለው እምነቱ ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል። ሐሳቡን ወደ ሥራ የለወጠለት ግን አንድ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሐዲድ ነው።

የማዕድኑ ሐዲድ

በፔንሲልቬንያ ክፍለ ግዛት ማውክ ቻንክ በተባለ ሥፍራ በ1827 አንድ ሐዲድ ተዘረጋ። ሥራው ከተራራው ላይ የተቆፈረውን የድንጋይ ከሰል 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ወንዙ ዳር ማውረድ ነበረ። ጋሪዎቹ በከሰል ተሞልተው በገዛ ክብደታቸው ቁልቁል ይወርዱ ነበረ። ባዶዎቹን ጋሪዎች ወደ ተራራው የሚመልሱት በቅሎዎች ናቸው። በቅሎዎቹም ቁልቁል በሚወርዱበት ጊዜ ለእነርሱ በተዘጋጀ ጋሪ ላይ ተጭነው ድርቆሻቸውን እየበሉ ከከሰሉ ጋር ይወርዱ ነበረ። ይህን ከለመዱ በኋላ ቁልቁለቱን በእግር ሂዱ ቢሏቸው እሺ አይሉም ነበረ ይባላል። እኛ ዘንድ ሸክሙን ተሸክማ ዳገት ቁልቁለቱን በእግሯ የምትጨርስ አህያ ይህን ብትሰማ ምን ትል ይሆን!

እያደር ሰዎችም እንደ በቅሎዎቹ ተራራውን ቁልቁል መውረድ አማራቸው፤ ገንዘብ እየከፈሉ ይሳፈሩ ጀመር። ከ1870ዎቹ ጀምሮ ከሰሉ በሌላ መንገድ መጓጓዝ ስለ ጀመረ፤ ያ የማዕድን ሐዲድ የቀረለት ሥራ ሕዝብን ማዝናናት ብቻ ሆነ። ይህ ሥራውም እስከ 1933 ድረስ ዘለቀ። የቶምሰንን ሕይወት የጻፉት ሰዎች እንደሚተርኩት፤ ቶምሰን ሐሳቡን ያገኘው ከዚህ ሐዲድ ነው። ሌሎች ሰዎች ያዩት ከሰል የተሸከመ ጋሪ ነበረ፤ እርሱ ግን በጋሪው ላይ የሚስቁትን ሰዎች አየ። ተራራ ወዳለበት ሁሉም ሰው ሊሄድ ስለማይችል፤ ተራራውን ከእንጨት ሠርቶ ሕዝብ ወደሚበዛበት ሥፍራ ለማምጣት ቆረጠ።

የመጀመሪያው ባቡር በኮኒ አይላንድ

በኒው ዮርክ አጠገብ ኮኒ አይላንድ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። በዚያን ዘመን የፋብሪካና የወደብ ሠራተኞች በዕረፍት ቀናቸው ወደዚያ እየጎረፉ ይሄዱ ነበረ። ነገር ግን ከባሕሩ ነፋስ በቀር የሚጠብቃቸው አብዛኛውን ጊዜ የመጠጥ ቤት፤ የቁማር ጠረጴዛና የሌባ እጅ ነበረ። ቶምሰን ሃይማኖተኛ ሰው ስለ ነበረ ወጣቶች የሳምንት ደመወዛቸውን በዚህ መንገድ ሲጨርሱ ማየት ያሳዝነው ነበረ ይባላል። ስብከት ብቻውን እንደማይበቃ ስላወቀ ከመጠጥ ቤቱ ይልቅ ደስ የሚያሰኝ ሌላ ነገር በዚያው ሥፍራ ለማቆም አሰበ።

በጁን ወር 1884 የቶምሰን ባቡር ለሕዝብ ተከፈተ። በዚያው ወር በእኛ አገር ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በዐድዋ ውል የተፈራረሙበት ጊዜ ነበረ። የባቡሩ ርዝመት 183 ሜትር ያህል፤ የማማው ከፍታ 15 ሜትር ገደማ ነው። ተሳፋሪው በደረጃ ወደ ማማው ወጥቶ እንደ አግዳሚ ወንበር ባለ ጋሪ ላይ ፊቱን ወደ ጎን አድርጎ ይቀመጣል። ጋሪው ተለቅቆ እየወረደና እየወጣ ወዲያኛው ማማ ይደርሳል። በዚያ ተሳፋሪዎቹ ይወርዳሉ፤ ሠራተኞች ጋሪውን ገፍተው ወደ ሁለተኛው ሐዲድ ያሻግሩታል፤ ተሳፋሪዎቹም እንደገና ተቀምጠው ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ። ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበረ። ይህም በቅሎ በሶምሶማ ከምትሄደው አይበልጥም። ዋጋው 5 ሳንቲም ብቻ ስለ ነበረ ዝቅተኛው ሠራተኛ እንኳ ልጆቹን ይዞ ሊሳፈር ይችል ነበረ።

ሕዝቡ ተራውን ለመጠበቅ ተሰለፈ፤ ባቡሩ የተሠራበትን ገንዘብ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መለሰ። ከቶምሰን በፊት እንዲህ ያለውን መሣሪያ በወረቀት ላይ ነድፈው የመንግሥት የፈጠራ ፈቃድ ያገኙ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ሐሳቡን ከወረቀት አውጥቶ ሕዝብ ፊት ያቆመውና ያስወደደው እርሱ በመሆኑ የዚህ ጨዋታ አባት የሚለውን ስም አገኘ። እርሱም የራሱን የፈጠራ ፈቃድ በጃንዋሪ 1885 ተቀበለ።

ተወዳዳሪዎቹ

የሠሩት ሥራ ከተወደደ ተወዳዳሪ መነሣቱ አይቀርም። አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ቻርልስ አልኮክ የተባለ ሰው መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር የሚገጥም ክብ ሐዲድ ሠርቶ ተሳፋሪው መውረድ ሳያስፈልገው ከተነሣበት እንዲመለስ አደረገ። በ1885 ደግሞ ፊሊፕ ሂንክል የተባለ ሌላ ሰው ጋሪውን ከነተሳፋሪዎቹ በመሣሪያ ጉልበት ወደ ኮረብታው አናት የሚስብ ባቡር አቆመ፤ ወንበሮቹንም ወደ ፊት አዞራቸው። የቶምሰን ባቡር በአንድ ጊዜ አሮጌ ሆነ። በትናንትናው ቀን የተደነቀበት ነገር ዛሬ ዘገምተኛ ተባለ።

በዚህ ጊዜ ቶምሰን ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ከተወዳዳሪዎቹ የበለጠ ከፍታና ፍጥነት መፈለግ ነው። ሁለተኛው ሕዝቡ ለምን ይሳፈራል ብሎ ከሥሩ መመርመር ነው። እርሱ ሁለተኛውን መረጠ። ሰው ወደ ባቡሩ የሚመጣው ለመደንገጥ ብቻ ሳይሆን ያላየውን አገር ለማየትም እንደ ሆነ አሰበ። በ1887 በአትላንቲክ ሲቲ የባሕር ዳርቻ ባለ ትርኢት የሆነውን አዲሱን ባቡር ከፈተ። ይህ ባቡር በጨለማ ዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ ጋሪው ሲቃረብ መብራቱ በድንገት በርቶ በግድግዳው ላይ የተሣለው ትርኢት ይገለጣል። ያን ጊዜ የኤሌክትሪክ መብራት ለብዙ ሰው ገና ተአምር ነበረ፤ በእኛም አገር አዲስ አበባ ራሷ ገና መቈርቈሯ ነው። ከመንደሩ ወጥቶ የማያውቅ ሠራተኛ በጥቂት ሳንቲም ተሳፍሮ የሩቅ አገር ተራራና የጥንት ታሪክ ሥዕል ዐይቶ ይመለሳል። ዛሬ በዓለም የታወቁት ትላልቅ መዝናኛ ሥፍራዎች ጎብኚውን በጋሪ አስቀምጠው በጨለማ ውስጥ ታሪክ የሚያሳዩበት ዘዴ ከዚህ የቶምሰን ሥራ የቀጠለ ነው።

በ1895 ቶምሰን በስሙ የሚጠራ ኩባንያ አቋቋመ። በዚያው ዓመት በኮኒ አይላንድ ሌላ ሰው ተሳፋሪውን ፍጹም ክብ በሆነ ሐዲድ ላይ ዘቅዝቆ የሚያዞር ባቡር ከፍቶ ነበረ። ሕዝቡ ለማየት ቢጐርፍም፤ ክቡ ያለ ልክ የጠበበ ስለ ነበረ የተሳፋሪውን አንገት ይጐዳ ነበረ፤ በ1902ም ተዘጋ። የቶምሰን ባቡሮች ግን በዚህ ጊዜ በብዙ የአሜሪካ ከተሞችና በአውሮፓ እየተተከሉ ነበረ። በእኛ አገር ታሪክ ዘመኑን ለማስታወስ ያህል፤ የዐድዋ ድል የተገኘው ኩባንያው በተቋቋመ በማግስቱ ዓመት በ1896 ሲሆን፤ ራስ መኮንን ወደ ቤኒ ሻንጉል የዘመቱት ደግሞ በ1897 መጨረሻና በ1898 መጀመሪያ ላይ ነው።

ስለ ተሳፋሪው ደኅንነትም ብዙ ተደክሟል። ቶምሰን ራሱ ከዚህ ሥራ ጋር የተያያዙ ወደ 30 የሚጠጉ የፈጠራ ፈቃዶች ነበሩት። በኩባንያው ሥራ ከሠለጠኑት ወጣቶች መካከል ጆን ሚለር የተባለው ኋላ ከአለቃው የሚበልጥ መሐንዲስ ሆነ። ወደ ላይ የሚሳበው ጋሪ ሰንሰለቱ ቢበጠስ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘውን ጥርስ፤ ጋሪውም ከሐዲዱ እንዳይፈናጠር ከሐዲዱ በታች የሚገጠመውን ጎማ ያዘጋጀ እርሱ ነው። በኮረብታው አቀበት ላይ የሚሰማው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የዚያ ጥርስ ድምፅ ነው። ብዙዎች እንደ ማስፈራሪያ የሚሰሙት ይህ ድምፅ በእውነቱ የጥበቃ ድምፅ ነው። ጥሩ መምህር ከራሱ የሚበልጥ ተማሪ ያወጣል እንደሚባለው ይህም ለቶምሰን ክብር ነው።

ቶምሰን በሜይ 8 ቀን 1919 በኒው ዮርክ አቅራቢያ ግሌን ኮቭ በተባለው መኖሪያው በ71 ዓመቱ ዐረፈ። በኢትዮጵያ የንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ሲሆን፤ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ገና 2 ዓመቱ ነበረ።

ከሞቱ በኋላ የሆነው

ቶምሰን በሞተ በተከታዮቹ 10 ዓመታት ሮለር ኮስተር በአሜሪካ እጅግ ተስፋፋ። በ1920ዎቹ በዚያ አገር ብቻ ከ1,500 በላይ እንደ ነበሩ ይገመታል። በ1927 በኮኒ አይላንድ፤ የቶምሰን የመጀመሪያ ባቡር ቆሞበት በነበረው ሥፍራ ገደማ፤ ሳይክሎን የተባለው ዝነኛ የእንጨት ባቡር ተተከለ። ፍጥነቱ በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቶምሰን ባቡር ከተከፈተ በ43 ዓመት ውስጥ ፍጥነቱ ወደ 10 እጥፍ አደገ ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ የደስታ ዘመን አልቆየም። በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ድቀት የሠራተኛውን ኪስ አራቆተ፤ ቀጥሎም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንጨቱንና ብረቱን ወሰደ። ኋላም ሰዎች መኪና ገዝተው ወደ ሌላ ሥፍራ መሄድ፤ በቤታቸውም ተቀምጠው ቴሌቪዥን ማየት ለመዱ። በኮኒ አይላንድ ከነበሩት ሦስት ታላላቅ የመጫወቻ መናፈሻዎች ድሪምላንድ የተባለው በ1911 ተቃጥሎ ነበረ፤ ሉና ፓርክ በ1944 ተቃጠለ፤ ስቲፕልቼዝ በ1964 ተዘጋ። የእንጨቱ ባቡሮች በየከተማው ፈርሰው ለማገዶና ለግንባታ ሄዱ። በ1960ዎቹ የቀሩት ከ200 እንደማይበልጡ ይነገራል። በ1955 ዋልት ዲዝኒ የከፈተው መናፈሻ በ1959 የብረት ቱቦ ሐዲድ ያለው አዲስ ባቡር አቆመ፤ አሮጌው የእንጨት ባቡር ጊዜው ያለፈበት መሰለ።

በዚህን ጊዜ አንድ ያልታሰበ ነገር ሆነ። በልጅነታቸው በእነዚህ ባቡሮች የተሳፈሩ ሰዎች ናፍቆት ያዛቸው። ናፍቆታቸው በልቅሶ ብቻ አልቀረም፤ ማኅበር አቋቋሙ። በ1978 የአሜሪካ የሮለር ኮስተር አፍቃሪዎች ማኅበር ተመሠረተ። አባሎቹ ከከተማ ወደ ከተማ እየሄዱ የቀሩትን ባቡሮች ፎቶግራፍ ያነሡ፤ ታሪካቸውን ይመዘግቡ፤ ሊፈርስ የታሰበ ሲኖርም እንዳይፈርስ ይሟገቱ ነበረ። ሳይክሎን ሊፈርስ ታስቦ ሳለ ሕዝቡ ተሟግቶ አስቀረው፤ በ1988ም የኒው ዮርክ ከተማ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። በፔንሲልቬንያ በ1902 የተሠራው ሊፕ ዘ ዲፕስ የተባለው ባቡር በ1985 ተዘግቶ ሲበሰብስ ቆይቶ፤ ወዳጆቹ ገንዘብ አሰባስበው ካደሱት በኋላ በ1999 እንደገና ተከፈተ። ይህ ባቡር ፈጣን አይደለም፤ ትልቁ ቁልቁለቱም ከ3 ሜትር አያልፍም። ሰዎች ግን ከሩቅ አገር ሳይቀር ሊሳፈሩበት መጡ። በአውስትራሊያ ሜልበርን በ1912፤ በዴንማርክ ኮፐንሃገን በ1914 የተከፈቱት ባቡሮችም ፍሬን የሚይዝ ሠራተኛ ከተሳፋሪው ጋር በጋሪው ላይ ሆኖ እያበረደ የሚያስኬዳቸው የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ሁለቱም ከ100 ዓመት በላይ ዘልቀዋል።

ምን ናፈቃቸው?

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ከበፊቱ እጅግ የሚፈጥንና የሚያስደንቅ ባቡር እያለ ሰዎች ስለ ምን ዘገምተኛውን አሮጌ ባቡር ይናፍቃሉ? የሰው ልጅ ያለፈውን ሁሉ ስለሚያሳምር ነው የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው። ያለፈው ዘመን ሁሉ መልካም አልነበረም፤ በዚያን ዘመን በብዙ የአሜሪካ መናፈሻዎች ጥቁር ሕዝብ እንዳይገባ ይከለከል ነበረ፤ ሰውም በባቡር አደጋ ይሞት ነበረ። ናፍቆት ይህን ሊያስረሳን አይገባም።

ነገር ግን የሚናፍቁት ሰዎች ስለ ፍጥነት እንደማይናገሩ ልብ ማለት ያስፈልጋል። የሚያስታውሱት አባታቸው አጠገባቸው ተቀምጦ እጃቸውን መያዙን ነው፤ በጎረቤት ልጅ ላይ መሳቃቸውን ነው፤ የባሕሩን ሽታ ነው። የቶምሰን የመጀመሪያ ባቡር ሰዎችን በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ እንዲያዩ አደረጋቸው። ባለጸጋውና የቀን ሠራተኛው ያችኑ 5 ሳንቲም ከፍለው በአንድ ጋሪ ይቀመጡ ነበረ። ፍጥነትን ሌሎች በአንድ ዓመት ውስጥ ቀሙት፤ ይህን አብሮ መቀመጥ ግን ማንም አልቀማውም። በእኔ አስተያየት የዚህ ሰው እውነተኛ ፈጠራ ይህ ነው።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

በአሶሳ ከተማ ሮለር ኮስተር የለም፤ እንዲህ ያለ ውድ መሣሪያ ባለመኖሩም ማንንም አልወቅስም። ስለ ጨዋታ ግን እኛም የምናጣው ነገር አለ። ታላላቆቻችን በጨረቃ ብርሃን ስለሚጫወቱት ጨዋታ፤ በማንጎ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ስለሚታሰረው ዥዋዥዌ፤ ከቀርከሃ ስለሚሠሩት መጫወቻዎች ሲያወጉን እንሰማለን። የበርታ፤ የጉሙዝ፤ የሺናሻ፤ የማኦና የኮሞ አያቶች እያንዳንዳቸው ለልጆቻቸው ያስተማሩት ጨዋታ አላቸው። የበርታ ወገኖቻችን በኅብረት የሚነፉት ዙምባራ አንድ ሰው ብቻውን ሊነፋው የማይጠቅም፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ድምፅ በተራው ሲያሰማ ብቻ ዜማ የሚሆን ነው። ከዚህ የበለጠ አብሮ መቀመጥን የሚያስተምር ጨዋታ ከወዴት ይገኛል? ዛሬ ግን ብዙዎቻችን እያንዳንዳችን በስልካችን ላይ አጎንብሰን ብቻችንን እንጫወታለን።

አሜሪካኖች አሮጌ ባቡሮቻቸውን ማዳን የጀመሩት አብዛኞቹ ከፈረሱ በኋላ ነው። የእኛ ጨዋታዎች እንጨትና ብረት ስላልሆኑ ሲፈርሱ ድምፅ እንኳ አያሰሙም፤ የሚያውቃቸው ሽማግሌ ሲያልፍ አብረው ያልፋሉ። ስለዚህ ለጓደኞቼ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሚመጣው የክረምት ዕረፍት እያንዳንዳችን ከአያቶቻችን ወይም ከጎረቤት ሽማግሌዎች አንድ አንድ ጨዋታ ጠይቀን ሕጉን፤ ስሙንና በየትኛው ወር እንደሚደረግ በደብተራችን ብንጽፍ፤ መምህራንም ቢሰበስቡልን፤ በሚቀጥለው ዓመት መጽሔት የክልላችን የጨዋታ መዝገብ ሊወጣ ይችላል። ወላጆችም ልጅ ሲጫወት ጊዜውን አጠፋ ብላችሁ ከመቈጣታችሁ በፊት፤ እንዲያው አንድ ቀን አብራችሁ ብትጫወቱ ምን ይመስላችኋል? ከተማችንም ስትሰፋ፤ ለሱቅና ለመኖሪያ ቦታ ሲሸነሸን፤ የሁሉም ወገን ልጆች ያለ ልዩነት ተገናኝተው የሚጫወቱበት አንድ ሜዳ እንዲቀመጥ የሚመለከታቸው ሁሉ ቢያስቡበት መልካም ነው። በሜዳ አብረው ኳስ ያሳደዱ ልጆች ካደጉ በኋላ ለመጣላት ያንገራግራሉ።

ላማርከስ ቶምሰን በእንጨት ሥራ ጀምሮ በሹራብ በለጸገ፤ በሕመሙ ዕረፍትን ዐወቀ፤ ከከሰል ጋሪ የሕዝብ ደስታን አወጣ፤ ተወዳዳሪዎቹ በፍጥነት ሲቀድሙትም ተስፋ ሳይቈርጥ ሌላ መንገድ ፈለገ። የሠራቸው ባቡሮች አብዛኞቹ ፈርሰዋል፤ ልጆች ግን ዛሬም በልዩ ልዩ አገር የሠራተኛ እናትና አባታቸውን እጅ ይዘው በዚያ ጋሪ ተራቸውን ይጠብቃሉ። በሚመጣው ዓመት ከየመንደሩ በተሰበሰቡ ጨዋታዎች እስክንገናኝ ድረስ ለሁላችሁም መልካም የዕረፍት ጊዜ እመኛለሁ።